እሑድ የሚያበቃ ዋጋ

መደርደሪያው ላይ ስምንት ስልክ ተደርድሮ ሲያድር፣ ሌባው መርጦ መርጦ የወሰደው ፊቱ የተሰነጠቀውን ነበር። የደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ ምክትል ኢንስፔክተር ሰገነት ይህን በሰማች ጊዜ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው። ሳቋን ግን ዋጥ አደረገችው፤ ከሳሿ መምህርት እየሩስ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ቆላ በር የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መብራት የደረሰው እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ ስለሆነ የመንደሩ ሰው ሲመሽ ስልኩን ለወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ለደምለው ይሰጣል፤ ደምለው ቻርጅ ላይ ሰክቶ ያሳድርና ሲነጋ ለየባለቤቱ ይመልሳል። እስከዛሬ አንድም ስልክ ጠፍቶ አያውቅም። ዓርብ ማታ የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስም እንደማንም ሰው ስልካቸውን ሰጥተው ቤታቸው ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት የሌላው ሰው ስልክ ሁሉ በየቦታው ሲገኝ የሳቸው የለም። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተነካካም።

እየሩስ የጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፤ ደባርቅ ከተማ ታስተምራለች።

«ስልኩ አይደለም እኮ የሚያንገበግበኝ» አለች። «ውስጡ ያለው ኦፈር ነው።»

ሰገነት ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ኦፈር ያለችው ምን እንደሆነ ከሥሩ እንድታስረዳት ጠየቀቻት። ለካስ ልጅቱ የአባቷን ወፍጮ በአባቷ ስምና ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አውጥታዋለች። የሽማግሌው ደረት በዱቄት ብናኝ ተበልቷል፤ ሲስሉ ነው የሚያድሩት። ሐኪሙ ከወፍጮው ይራቁ ካለ ቆይቷል። እየሩስም ወፍጮውን አሽጣ አባቷን እቤቷ ልታስቀምጣቸው ቆርጣለች። ዓርብ ዕለት ታዲያ አዲ አርቃይ የሚነግድ ላቀው የሚባል ሰው ጥሩ ዋጋ አቀረበ። የዚያ ገበያ ደንብ ደግሞ እንደኛ ገበያ አይደለም። አንድ ገዢ ያቀረበው ዋጋ በሕይወት የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ገዢው ልተወው ቢል አይችልም። ሻጩ «ተቀበልኩ» የሚለውን ከተጫነ ሽያጩ ጸና ማለት ነው፤ ዝም ካለ ግን ዋጋው በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ገዢውም ነፃ ይወጣል።

«እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል» አለች እየሩስ። «አባባ ደግሞ ልደርበት አለኝ። ሲያድርበት ስልኩ ጠፋ።»

ልደርበት ማለታቸው አያስደንቅም። ራሱን የሚያከብር ሻጭ ዋጋ በሰማበት ቀን እሺ አይልም፤ ዋጋ ማደር አለበት። የጨነቃት ሌላው ነው። ያንን የገበያ አፕ በሌላ ስልክ ለመክፈት የሚስጥር ቁጥሩ የሚላከው በአባትየው ሲም ነው። ምትክ ሲም ለማውጣት ደግሞ ባለቤቱ ራሳቸው መታወቂያቸውን ይዘው ቴሌ መቅረብ አለባቸው፤ እሳቸው ግን ጉልበቴን ይዞኛል፣ ደባርቅ ድረስ አልችልም ብለዋታል።

ማንን ትጠረጥሪያለሽ ስትባል አላመነታችም። ወፍጮው ከተሸጠ እንጀራው የሚቆረጠው ደምለው ነው፤ ቁልፉም በደምለው እጅ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺ ቃል ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

ሰገነት ዋና ሳጅን ያርጋልን አስከትላ ቆላ በር ሄደች። ያርጋል ጡረታው የደረሰ፣ ደባርቅ ውስጥ የማያውቀው ሰው ያልሰማው ወሬ የሌለ ፖሊስ ነው። በመንገድ ላይ ስለ ወፍጮው ሲያወራላት ሄደ። ቆላ በር ከዚያ ወፍጮ በቀር ሌላ የላትም፤ ገዢው ነቅሎ ከወሰደው ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ደባርቅ መመላለሳቸው ነው። ስለዚህ ወፍጮው እንዳይሸጥ የማይመኝ ሰው በመንደሩ የለም። «ሁሉንም ማሰር ልንገደድ ነው» ብሎ ሳቀ።

ደርሰው ሲያዩ ወፍጮው እያጓራ ነው። ደምለው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ፖሊስ ሲያይ ሞተሩን አጠፋና እጁን አራግፎ መጣ። ሰላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሲናገር ዓይን ዓይን የሚያይ ልጅ ነው። ዓርብ ማታ ቆልፎ እቤቱ መግባቱን፣ ከሚስቱ ከሸጊቱ ጋር ማደሩን፣ ቁልፉ ሁለት መሆኑንና አንዱ በሱ አንዱ በባለቤቱ እጅ እንደሚገኝ ነገራት። ሚስት ለባሏ መመስከሯ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሸጊቱም እንዳለው መሰከረች። ስለ ሽያጩ ታውቃለህ ወይ ስትለው ያልሰማ የለም አላት።

«ወፍጮው ሲነቀል ባይ አለቅሳለሁ» አለ። «ግን ጋሼን አልሰርቅም። የሚያምነኝን ሰው ሰርቄ የት እገባለሁ?»

ሰገነት አመነችውም አላመነችውም። በሩ ሳይሰበር የጠፋ ዕቃ ነው፤ ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ ምክንያትም አለው። ቢያንስ ቃሉን እስኪሰጥ ጣቢያ መውሰድ ግድ ሆነባት። እህል ይዘው የቆሙት ሴቶች ዝም ብለው ያዩታል። አንዷ ጆንያዋን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበች። ሰገነት ይቺን አይታ ልቧ ደስ አላለውም።

ሸጊቱ ሕፃን ልጇን አዝላ ተከተለቻት። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም።

«ለሥራው አይደለም የማዝነው» አለቻት። «ሰው ወፍጮ ቤት እህሉን ጥሎ የሚሄደው አምኖ ነው። ሌባ ከተባለ ማን ይጥልለታል? ይኸ ወፍጮ ቢቀር ሌላ ወፍጮ ይቀጠራል። ስሙ ከጠፋ ግን ሞተ በይው።»

ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ በሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ረዥም፣ ከሲታ፣ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ስልኩ ስትጠይቃቸው ዕቃ አይደል፣ ይገኛል ወይ ይቀራል ብለው አለፉት። ደምለው መኪና ላይ ሲወጣ ግን ብድግ አሉ።

«ተይው ልጁን» አሏት። «እሱ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

ሳል ያዛቸው። ሲለቃቸው አስተዳደጉን አውቃለሁ ብቻ ብለው ተቀመጡ። ደግ ሰው ናቸው ብላ ሄደች።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ። ሰገነት ጣቢያ ስትመለስ ከሥሩ ጀመረችው። ስልክ የሚሰርቅ ሌባ ቢሆን ሌሎቹ ሰባት ከዚያ የተሻሉ ነበሩ። ይህኛው የፈለገው ስልኩን አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዋጋ ሳይመለስ ቀኑ እንዲያልፍ ነው። ቀኑ ሲያልፍ የሚጠቀመው ማን ነው? ደምለው ይጠቀማል። ቆይታ ደግሞ ሌላ ሰው ታያት። ዋጋውን ካቀረበ በኋላ የቆጨው ገዢስ ቢሆን?

ይህን ለያርጋል ስትነግረው ሄድ ብሎ መናኸሪያ ዞረና ወሬ ይዞ ተመለሰ። ላቀው ከዓርብ ጀምሮ አዲ አርቃይ አልነበረም። ዓርብ ማታ ዳባት ሲወርድ ያየ ሹፌር አለ፤ አሁን ደግሞ እዚሁ ደባርቅ ሆቴል ይዟል።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጥብስ ሲበላ አገኙት። ሞላ ያለ፣ ሳቂታ፣ እጁ ላይ ትልቅ ሰዓት ያሰረ ነጋዴ ነው። ብሉ ብሎ ሊያጎርሳቸው ተነሣ። ስለ ወፍጮው ስታነሳበት ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ አበልጁ መሆናቸውን፣ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሡለት እሳቸው መሆናቸውን ነገራት። ዓርብ ማታ የት አደርክ ስትለው ዳባት ለቅሶ ደርሼ አላት። የማን ለቅሶ? የአንድ ወዳጄ እናት። ወዳጅህ ማን ይባላል? ላቀው ጉሮሮውን ጠራረገና ገሠሠ ይባላል አለ።

ሰገነት ሚኒባስ ተሳፍራ ዳባት ወረደች። የገሠሠን ቤት ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። ድንኳን የለም፤ ለቅሶ የለም። የገሠሠ እናት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሽንብራ ይለቅማሉ፤ ማን ሞተ ስትላቸው ማንም አሏት። ገሠሠ ራሱ ከጓሮ ወጥቶ እውነቱን አወጣው። የሚሸጥ ወፍጮ አለው፤ አዲስ ነው፤ ዋጋውም ከቆላ በሩ ያነሰ ነው። ላቀው ዓርብ ሲመሽ መጥቶ አይቶት፣ ወዶት፣ እሱው ቤት አድሮ ሄዷል።

«ግዛዋ ብለው እስከ እሑድ ታገሠኝ፣ እጄ ታስሯል አለኝ» አለ ገሠሠ።

የለቅሶው ነገር ውሸት ሆነ፤ ዳባት ማደሩ ግን እውነት ሆነ። ሰገነት እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟት አያውቅም፤ ያላንዳች ምክንያት በውሸት ያበላሸው ቃል ራሱ ነፃ የሚያወጣው ሆኖ ተገኘ። ተመልሳ ስትይዘው አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ ነገሩን ሊያዞረው ሞከረ፤ ቆይቶ ግን ላቡን ጠረገና ተናዘዘ። ወፍጮውን እንዲገዛ የለመነችው እየሩስ ናት። የአበልጁ ደረት መታመሙን ስትነግረው አዘነና ለደግነት ብሎ ዋጋውን ከፍ አድርጎ አቀረበ። ወዲያው ደግሞ የገሠሠ ወፍጮ መጣ። አፑ ልተወው ቢል አይለቀውም። ቢለቀውስ ኖሮ አበልጁን በምን ዓይኑ አይቶ አልገዛም ይላቸዋል?

«እውነቱን ልንገርሽ?» አላት። «እምቢ ቢሉኝ ሻማ አበራለሁ። ግን ስልካቸው ዘንድ አልደረስኩም።»

ሰገነት አመነችው። ማታ እቤቷ ስትገባ ግን አንድም ነገር በእጇ አልነበረም። ደምለው እስር ቤት ነው፤ ላቀው ዳባት ነበር፤ እየሩስ ከሁሉ በላይ እንዲሸጥ የምትፈልገው ናት። እንቅልፍ አልወሰዳትም ማለት ውሸት ነው፤ ተኝታለች፤ ግን የሸጊቱ ቃል ሁለት ጊዜ ቀስቅሷታል።

እሑድ ጠዋት ጣቢያ ስትደርስ በር ላይ ያገኘችው ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስን ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዘው ቆመዋል። ቅዳሴ አስቀድሰው በዚያው በእግራቸው መምጣታቸው ነው።

«ለደምለው ቁርስ ይዤለት ነው» አሏት። «ሚስቱ አራስ ቢጤ ናት፣ መመላለሱ ይከብዳታል።»

እስረኛ ቁርስ ቢመጣለት ደንብ ነው፤ የሚያመጣው ግን ዘመድ ነው። የተሰረቀ ሰው ለሰረቀው ቁርስ ይዞ ሲመጣ ያየ ፖሊስ ይኑር አይኑር እንጃ። ሰገነት አስገባቻቸው። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ከደምለው ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደምለው ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተወው። ሽማግሌው ብላ ብላ ይሉታል እንጂ እሳቸውም ዓይናቸው ምግቡ ላይ አይደለም። ያርጋል ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰዓት ይጠይቁታል።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ያርጋል ሦስት ሰዓት አለፈኮ ጋሼ፣ ቀጠሮ አለዎት እንዴ አላቸው።

ያን ጊዜ ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ስልኩን አወጡት፤ ያንን ፊቱ የተሰነጠቀውን።

«ይኸውና ተገኘ» አሉ። «ፉሽካው ጆንያ ውስጥ ወድቆ ኖሯል። ልጁን ልቀቁት እንግዲህ፤ ማንም አልሰረቀ።»

ያርጋል በደስታ እጁን አጨበጨበ። ደምለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰገነት ግን ስልኩን ተቀበለችና ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ያርጋልን ጠርታ ደምለውን ውሰደው፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ከፈለገ ይንቀሳቀስ አለችው። ሁለቱ ሲሄዱ አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። ተናዳለች፤ ንዴቷ ግን ከእፎይታ ጋር ተደባልቆ እንዴት እንደምትጀምር ቸገራት።

«ጋሼ» አለች፣ «ትናንት ቴሌ ድረስ አላደርስ ያለዎት ጉልበት ዛሬ ጣቢያ ድረስ አደረሰዎት።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እዚያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ለደቂቃ የቆምኩት እኔ እንኳ ጫማዬ ነጭ ሆኖ ነው የወጣሁት። ይኸ ስልክ ፉሽካ ውስጥ ቢያድር ስንጥቁ ዱቄት ይሞላ ነበር። ይኸው ንጹሕ ነው። ደግሞ ሲመጡ ይዘውት ነው የመጡት። ደስ ብሎዎት ቢሆን ከበር ጀምሮ ይነግሩኝ ነበር። ሦስት ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቁ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከዘራቸውን አዩት። ካሁን አሁን ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እኔው ነኝ» አሉ። «ማታ በኔው ቁልፍ ከፍቼ አነሣሁት።»

«ለምን?»

«እምቢ ማለት አቃተኛ።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ ወረደ። ልጃቸው ለሳቸው ብላ ደክማለች፤ እሷን እምቢ ማለት አቃታቸው። ላቀው ለሳቸው ብሎ ዋጋ ጨምሯል፤ አበልጅን እምቢ ማለት አቃታቸው። ደረታቸው መታመሙን ያውቃሉ። ግን እወፍጮው በር ላይ ሲቀመጡ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ጋሼ እንዴት አደሩ ይላቸዋል፤ እህል ያላት እህሏን፣ ወሬ ያላት ወሬዋን ይዛ ትመጣለች። ደባርቅ ቢሄዱ የእየሩስ አባት ሆነው ሶፋ ላይ መቀመጣቸው ነው። ዋጋው ቀኑ ሲያልፍ በራሱ እንደሚሞት ልጃቸው ስታስረዳቸው ያ ነገር ከሰማይ የወረደ ምሕረት መስሎ ታያቸው። ስልኩ ጠፍቶ ይሰነብታል፣ ዋጋው ይሞታል፣ ማንም ማንንም አይቀየም። እየሩስ ግን ሳትነግራቸው ፖሊስ ዘንድ ሮጠች።

«ደምለው ሲታሰርስ?» አለች ሰገነት። ድምጿ ከፍ አለ። «እዚያው ፊት ለፊትዎ እኮ ነው የወሰድነው።»

«አንዲት ሌሊት ናት አልኩ። እስከ ሦስት ሰዓት። ይኸን ስል እግዜር ይይልኝ ምንም አልበላሁ፣ ምንም አልተኛሁ። ጥፋት ነው። ትልቅ ጥፋት ነው።»

ሰገነት ስልኩን ከፈተችው። የገበያውን መልእክት አገኘችው፤ ይህ ዋጋ እሑድ 3:00 ያበቃል ይላል። ከቁጥሩ ጎን ሁለት ትናንሽ የፈረንጅ ፊደላት አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለላት። እየሩስ ያንኑ ቁጥር አይታ በልቧ ወደኛ ሰዓት መልሳው ዘጠኝ አለቻት። አባትየው ግን እንደማንኛውም የአገሬ ሰው ሦስትን ሦስት ብለው አነበቡት።

«ጋሼ፣ ይኸ የፈረንጅ ሦስት ሰዓት ነው» አለቻቸው። «የኛ ዘጠኝ። ዋጋው አልሞተም። ገና ግማሽ ቀን አለው።»

ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ ክው አሉ። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሰገነት አንሥታ ስትሰጣቸው ይሣቁ ወይ ያልቅሱ መለየት አቃታት፤ ኋላ እሳቸው ሲሥቁ እሷም ሣቀች። የሰው ስም ያጠፋ ተንኮል ሁሉ ለካ የተሸረበው በተሳሳተ ሰዓት ነው።

«እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አሏት።

«ልብዎ ያለውን መናገር።»

ያርጋል ላቀውንና እየሩስን ጠርቷቸው መጡ። እየሩስ ስልኩን ስታይ ፊቷ በራ፣ አባባ ቶሎ ተቀበል እያለች ወደ አባቷ ሮጠች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና አስቆሟት። ከዚያ ወደ ላቀው ዞሩ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ሰገነት በበኩሏ ሽጉጥ ከያዘ ሰው ጋር ተፋጣ ታውቃለች፤ እንዲህ የጨነቃት ጊዜ ግን ትዝ አይላትም።

«አበልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አልሸጥልህም።»

ላቀው አፉን ከፍቶ ቆመ። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠና ሣቀ፤ እየሣቀ መጣና ትከሻቸውን ሳመ፤ ተመስገን ተመስገን እያለ የዳባቱን ወፍጮ ሳይጠየቅ ዘረገፈው። እየሩስ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። አባቷ ስልኩን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው «አልቀበልም» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑት። ስልኩ እርግጠኛ ነዎት ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን አውጥተው አዎ ልጄ፣ እርግጠኛ ነኝ አሉት፤ ያርጋል ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓሮ ሄደ።

እየሩስ አባቷ የነገሯትን ሁሉ እያለቀሰች ሰማች። ደረትህስ አባባ ስትላቸው በር በሩን እቀመጣለሁ፣ ውስጥ አልገባም፣ አፌንም እሸፍናለሁ ብለው ቃል ገቡላት። በዚህ ተስማሙ።

ሽማግሌው ግን ያለቀ መስሏቸዋል። ደምለው ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ በል እንሂድ አሉት፤ ለሰገነትም ዝቅ ባለ ድምፅ ፉሽካ ውስጥ ተገኘ ብለን ብንተወውስ አሏት።

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «ፉሽካ ውስጥ ተገኘ ካሉ ሰው ምን ይላል? ሌባው ፈርቶ መልሶ ጣለው ይላል። ስልኩ ተገኘ፤ የሱ ስም ግን እንደጠፋ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስ ረዥም ጊዜ ደምለውን አዩት። ከዚያ እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቆላ በር ሲደርሱ የመንደሩ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እየተቀዳ ነው። ፖሊስና እስረኛው አብረው ሲገቡ ጠላ መቅዳቱ ቆመ። ሸጊቱ ሕፃኑን ታቅፋ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ማንም የለም።

ሽማግሌው አልገቡም። ቅጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ቀላል ድንጋይ አይደለም። ማጅራታቸው ላይ ጫኑትና አጎንብሰው ገቡ። ያ ሁሉ ሰው ብድግ አለ። ጋሽ ሃብተ ጊዮርጊስን ጎንበስ ብሎ ሰላም የማይል የለም፤ እሳቸው ለሰው አጎንብሰው ድንጋይ ሲሸከሙ ያየ ግን የለም።

«ስልኬን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው ማስቀየም ፈርቼ ንጹሕ ልጅ አሳሰርኩ። ደምለው የማንንም አልነካም። ሌባ ያለው ሰው ካለ እኔን ሌባ ይበለኝ። ማረኝ ልጄ።»

ሰገነትም ከኋላቸው ሆና ይህ እውነት ነው፣ ያሰርኩትም ተሳስቼ ነው አለች። እየሩስ አንገቷን ደፍታ ስሙን ያነሣሁት እኔ ነኝ አለች።

ደምለው ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ድንጋዩን ተሸክመው ሳል ሲያጣድፋቸው ግን አላስቻለውም፤ ሮጦ በሁለት እጁ ድንጋዩን አነሣላቸውና መሬት ላይ አኖረው።

«ጋሼ ይብቃዎ» አላቸው። «ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እርስዎ ከሰው ፊት ከተናገሩልኝ እኔ ቂም የለኝም።»

ትናንት ጆንያዋን ወደ ራሷ የሳበችው ሴትዮ ነች ቀድማ የተነሣችው። መጥታ እሸጊቱ አጠገብ ተቀመጠች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፤ ከዚያ ወደ ደምለው ቀና አለች።

«ነገ ገብሴን አመጣልሃለሁ» አለችው። «እኔ ቀብር አለብኝ፤ ጥዬልህ እሄዳለሁ። ማታ እወስደዋለሁ።»

ሸጊቱ ከቅዳሜ ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ደምለውም ሕፃኑን ከእጇ ተቀበላትና አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሰዉም ለሁለቱ ቦታ ለቀቀላቸውና ጠላው እንደገና መቀዳት ጀመረ።